ልጃችን ለምን አልበላም አለ?



ውድ አንባቢያን! እንደሚታወቀው ልጅ አላህ (ሱ.ወ) የሰጠን አማና ነው። ይህን አማና ስለ መጠበቅ ሲነሳ ብዙውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ቁርኣን ትምህርቱ፣ ስለ ሰላቱና ስለ አደቡ ነው። ዛሬ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ስለሚመጣ አንድ ጉዳይ፣ ማለትም ልጁ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመቱ ባለው ጊዜ ስለሚይዘው የአመጋገብ ልማድ ልናወያያችሁ ወደናል። ነገሩ ትንሽ ይመስል ይሆናል። እኛም ትንሽ ይመስለን ነበር።

እኛ በጅግጅጋ ከተማ የምናስተምር መምህራን ነን። አንዳንዶቻችን ጠዋት በመደበኛ ትምህርት ቤት እናስተምርና ከዐስር ሰላት በኋላ መድረሳ እንቀመጣለን። ሎሓቸውን ይዘው ወደ ዱግሲ ከሚመጡት ልጆች መካከል አራትና አምስት ዓመት የሆናቸው ብዙ ናቸው። ከእነዚህም ውስጥ ገና ጥቂት እንዳነበቡ ግንባራቸውን ሎሑ ላይ የሚደፉ አሉ። ስንፍና መስሎን ተቆጥተናል። እንቅልፍ አልጠገበም ብለንም ወላጁን ወቅሰናል። ከጊዜ በኋላ ግን ከመቆጣታችን በፊት «ምን በልተህ መጣህ?» ብለን መጠየቅ ጀመርን። መልሱ ከልጅ ልጅ ብዙም አይለያይም። ጠዋት ሻይ በብስኩት፤ ማታ ሻይ በላሖሕ። ትናንት ምሳስ? ሩዝ ቀርቦ ነበር፤ አልበላም።

እናቶቹን ስንጠይቅ ደግሞ የሚሉት ይመሳሰላል። «ልጄ አይበላም። ሕፃን ሳለ ደህና ነበር፤ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል እምቢ አለኝ። እየለመንኩ፣ እየተቆጣሁ፣ ስልክ እያሳየሁ ነው የማጎርሰው» ይላሉ። በዱግሲው በር ላይ የተጀመረው ይህ ወሬ ወደ ስልክ ተሸጋገረና ከጅግጅጋ፣ ከቀብሪበያህ፣ ከአውበሬና ከቶግ ውጫሌ ያሉ ወላጆች በድምፅ መልእክት የሚመካከሩበት ሆነ። ከዚያ ምክክር የተማርነውን፣ የተሳሳትንበትንም ጭምር፣ ቀጥለን እናቀርባለን።

ጉዳዩ ምን ያህል ከባድ ነው?

እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ከሆኑ የአገራችን ሕፃናት ከመቶው 57ቱ ደም ማነስ ተገኝቶባቸዋል። በሶማሌ ክልል ግን ቁጥሩ ከመቶው 83 ነበር። ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ይህ ነው። በሌላ አነጋገር በአንድ ዱግሲ ውስጥ አስር ሕፃናት ቢቀመጡ ስምንቱ ደማቸው የሳሳ ነበር ማለት ነው።

ደም ማነስ የሚመጣው በምግብ ብቻ አይደለም። ወባ፣ የአንጀት ትላትልና የሚደጋገም በሽታም ያመጡታል። ሆኖም ዋነኛ ከሆኑት ምክንያቶች አንዱ ልጁ ከሚመገበው ውስጥ ብረት የተባለው ንጥረ ነገር ማነሱ ነው። ብረት ያነሰው ልጅ ይደክማል፤ ልቡናው ይበተናል፤ ትምህርት አይዘልቀውም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የምግብ ፍላጎቱም መቀነሱ ነው። ስለዚህ ያልበላ ልጅ ደሙ ያንሳል፤ ደሙ ያነሰ ልጅ ደግሞ መብላት ያስጠላዋል። ሎሑ ላይ የተደፋውን ልጅ ስንቆጣ የኖርነው ይህን ሳናውቅ ነው። አላህ ይማረን።

ሁለተኛው ዓመት ምን ይዞ ይመጣል?

ወላጆች «እምቢ አለ» ከሚሉት ውስጥ ግማሹ እምቢታ አይደለም። ሲወለድ ሦስት ኪሎ ገደማ የነበረ ጤነኛ ሕፃን አንድ ዓመት ሲሞላው ክብደቱ ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ ዘጠኝ ኪሎ ገደማ ማለት ነው። በሁለተኛው ዓመት ግን የሚጨምረው ከሁለት እስከ ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል ብቻ ነው። እድገቱ ሲረጋ የምግብ ፍላጎቱም አብሮ ይረጋል። እናት ግን ያለፈውን ዓመት አበላል እያስታወሰች «ልጄ ምን ነካው?» ትላለች።

በዚህ ላይ በሁለት ዓመት አካባቢ ልጅ አዲስ ምግብን ይጠራጠራል። ትናንት የበላውን ካሮት ዛሬ ይተፋል፤ ያልለመደውን ከአፉ አያስጠጋም። ይህ ጠባይ በጅግጅጋም ሆነ በሌላው ዓለም ባሉ ልጆች የሚታይ ነው። ሊያን በርች የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረባዋ ጋር እ.ኤ.አ. በ1982 ባወጣችው ጥናት፣ የሁለት ዓመት ልጆች አንድን አዲስ ምግብ ደጋግመው በቀመሱት ቁጥር እየወደዱት እንደሚሄዱ አሳይታለች። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶችም አንድን ምግብ ለማስለመድ ስምንት፣ አስር፣ አንዳንዴም አስራ አምስት ጊዜ ማቅረብ ሊያስፈልግ እንደሚችል ያመለክታሉ። እኛ ግን ሁለት ጊዜ ሞክረን «ልጄ ዱባ አይወድም» ብለን ደምድመን ወደ ብስኩቱ እንመለሳለን።

የፔርሙዙ ነገር

ውድ አንባቢያን! በአካባቢያችን ፔርሙዝ የሌለበት ቤት ማግኘት ይከብዳል። እንግዳ ሲመጣ ሻይ፣ ሲሄድ ሻይ፣ ከሰላት በኋላ ሻይ ነው። የሻይ ስኒው ሲዞር ደግሞ ሕፃኑ ይንጠራራል፤ አያቱም ስኒዋን ዝቅ ታደርግለታለች። ፍቅር ነው፤ ማንም ክፉ አላሰበም። ነገር ግን እስቲ እንቁጠር። ቁርስ ላይ አንድ ስኒ፣ ረፋድ ላይ ከአያቱ ግማሽ፣ ጎረቤት ቤት ግማሽ፣ ከዐስር በኋላ አንድ፣ ማታ ከላሖሑ ጋር አንድ። አንዲት የቶግ ውጫሌ እናት በነገርናት መሠረት አንድ ቀን ሙሉ ስትቆጥር ቁጥሩ አምስት ስኒ ሆነባት። ብስኩቱንና ከረሜላውን ገና አልቆጠረችም።

የሁለት ዓመት ልጅ ሆድ ትንሽ ናት። ስኳር በበዛበት ሻይና በብስኩት ከሞላች፣ ምሳ ሲቀርብ ልጁ የሚዞረው ስለጠገበ ነው። ምግብ ጠልቶ አይደለም። ሆዱን የሞላው ግን ደም የሚሆን፣ አጥንት የሚሆን ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ጉዳት ብዙዎቻችን የማናውቀው ነው። ሻይ ታኒን የሚባል ነገር አለው። ይህ ነገር በምስር፣ በባቄላ፣ በጤፍና በማሽላ ውስጥ ያለውን ብረት ይዞ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል። ስለዚህ ልጁ ጥሩ ምግብ በልቶ እንኳ ወዲያው ሻይ ቢጠጣበት ከብረቱ ብዙው ይባክናል። በአንጻሩ ሎሚ፣ ብርቱካን፣ ፓፓያና ቲማቲም ብረቱ ወደ ደም እንዲገባ ያግዛሉ። ሎሚውን ሻዩ ላይ ሳይሆን ምስሩ ላይ ብንጨምቀው ይጠቅመናል።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ላሉ ሕፃናት ስኳር ያለባቸው መጠጦች እንዳይሰጡ፣ ሥጋ፣ ዓሣ ወይም እንቁላል እንዲሁም ፍራፍሬና አትክልት በየቀኑ እንዲሰጡ መክሯል። እነዚህ በበቂ በማይገኙበት ቦታም ጥራጥሬና ለውዝ አዘውትሮ መስጠት እንደሚገባ አሳስቧል።

ይህን በድምፅ መልእክት ስንልክ መጀመሪያ የመለሱልን እናቶች አልነበሩም። አንዲት አዬዮ የልጅ ልጃቸውን ስልክ ተቀብለው ተናገሩ። እንደሚቆጡን ጠብቀን ነበር። «እኔ ባድያ ሳድግ ሻይ የትልቅ ሰው ነበር፤ ልጅ የሚጠጣው የግመል ወተት ነው። ከተማ ስንገባ ግመሉ ቀረ፤ ስኒው ግን ተከተለን» አሉ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ጉዳይ ከእኛ ይልቅ የእሳቸው ቃል ይሰማል።

ስለ ወተት አንድ ነገር እንጨምር። ወተት የተባረከ ምግብ ነው። የግመል ወተት በቫይታሚን ሲ ከላም ወተት ይበልጣል። ጥሬውን መጠጣት ግን ለብሩሴላ በሽታ ስለሚያጋልጥ ለልጅ ሲሰጥ መፍላት አለበት። ሌላ ምግብ በሚገኝበት የከተማ ቤት ደግሞ ከዓመት በላይ የሆነ ልጅ በቀን ከግማሽ ሊትር በላይ ወተት ከጠጣ ለሌላው ምግብ ቦታ አይቀረውም። ወተት ብረቱ ጥቂት ስለሆነ በወተት ብቻ የሚኖር ልጅም ደሙ ሊያንስ ይችላል።

ዲናችን ምን ያስተምረናል?

በሱረቱል በቀራህ 233ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) ጡት ማጥባትን ማሟላት ለሚሻ ሁለት ሙሉ ዓመት እንደሆነ ይነግረናል። የእናትየውን ምግብና ልብስ በአባትየው ላይ ያደርጋል። ልጁን ከዚያ በፊት ጡት ማስጣል ቢፈልጉ ደግሞ ሁለቱ ተዋደውና ተመካክረው ሊሆን እንደሚገባ ያስተምራል። ልብ በሉ! የአንድ ሕፃን ምግብ በቁርኣን ውስጥ የባልና የሚስት መመካከሪያ ሆኖ ተቀምጧል። በእኛ ቤት ግን አባት ብር ይሰጣል፤ ከሱቅ ሲመለስም ለልጁ ብስኩትና ለስላሳ ይዞ ይገባል። ልጁ ምሳ እምቢ ሲል «ምን ዓይነት እናት ነሽ!» ይላል። ምክክሩ የት ሄደ?

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከልጅ ጋር ሲበሉ እንዴት እንደነበሩ ከዑመር ኢብኑ አቢ ሰለማ ሐዲሥ እናውቃለን። እርሱ በቤታቸው ያደገ ልጅ ነበር። እጁ በሳህኑ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል አልመቱትም፤ አላዋረዱትም። ቢስሚላህ እንዲል፣ በቀኙ እንዲበላና ከፊቱ እንዲበላ በለዘበ ቃል አስተማሩት። እርሱም ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ አበላሉ ከዚያ ወዲህ እንደዚያው እንደ ሆነ ተናግሯል። በለዘበ ቃል የተነገረው ትምህርት ዕድሜ ልክ ዘለቀ።

ደግሞም ምግብን ነቅፈው እንደማያውቁ፣ ከወደዱት እንደሚበሉ፣ ካልወደዱት እንደሚተዉ በሐዲሥ ተዘግቧል። በአንድ ማዕድ ላይ የተጠበሰ የበረሃ እንሽላሊት ሲቀርብ እጃቸውን ሰበሰቡ። ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ) ሐራም እንደሆነ ሲጠይቃቸው፣ ሐራም ሳይሆን በወገኖቻቸው አገር ያልለመዱት ስለሆነ ነፍሳቸው እንዳልወደደችው ነገሩት። እርሱም በላ፤ እርሳቸው አልከለከሉትም። እንግዲህ ትልቅ ሰው ያልለመደውን ምግብ ነፍሱ ላትወደው ከቻለች፣ የሁለት ዓመት ሕፃን አፍንጫውን ይዘን የምናጎርሰው በምን አግባብ ነው? አፍንጫ ተይዞ የሚጎርስ ሕፃን ምግቡ ወደ አየር ቧንቧው ገብቶ ሊያንቀው እንደሚችልም መዘንጋት የለበትም።

የስልኩ ሁለት ፊት

ስልክ በዚህ ጉዳይ ላይ ጠላትም ወዳጅም ሆኖ አግኝተነዋል። ጠላት የሚሆነው ከልጁ ፊት ሲቆም ነው። ልጁ የካርቱን ፊልም እያየ አፉን ይከፍታል፤ ይውጣል። ምን እንደበላ አያውቅም፤ መጥገቡንም አያዳምጥም። ስልኩ ሲነሳ አፉም ይዘጋል። ምግብ የለመደ መስሎን ስልክ አስለምደነዋል ማለት ነው።

ወዳጅ የሚሆነው ደግሞ በእናትና በአባት እጅ ሲሆን ነው። ጽሑፍ ለማንበብ የማይመቻት እናት የድምፅ መልእክት ትሰማለች። በሶማልኛ ትጠይቃለች፤ ሌላዋ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ብትጠይቅም የሚተረጉም አይጠፋም። «ልጄ ዛሬ ዱባውን ነክቶ ተወው፤ ስንተኛ ጊዜው ነው?» ስትል፣ «አራተኛ ነው፤ የእኔ ዘጠነኛው ላይ በላ» የምትላት ታገኛለች። ይህን የመሰለ ቃል ከየትኛውም መጽሐፍ ይበልጥ ያጽናናል። ብዙዎቹ እናቶች የደከማቸው ብቻቸውን የተሸነፉ ስለመሰላቸው ነውና።

ከልምዳችን በኋላ አራት ሥርዓት አበጅተናል። አንደኛ፣ የማንም ልጅ ፎቶግራፍ አይላክም። ሁለተኛ፣ ማንም ማንንም አይወቅስም። ሦስተኛ፣ መድኃኒት አይመከርም፤ አይሸጥም። «የምግብ ፍላጎት ይከፍታል» እየተባለ በስልክ የሚተዋወቀውን ሽሮፕና ዱቄት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለሕፃን መስጠት አደጋ አለው። አራተኛ፣ ሕመም የሚመስል ነገር ሲነሳ ምክሩ አንድ ብቻ ነው፤ «ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ!»

አራተኛው ሥርዓት የመጣው ከራሳችን ስሕተት ነው።

የሐርሺኑ አባት

በአንድ የጂላል ወር፣ በሐርሺን ወረዳ ገጠር የሚኖር አንድ አባት ዘመዱ አስገብቶት ያዳምጠን ነበር። ልጁ ሁለት ዓመት አልሞላውም። «አይበላም፤ ዝም ብሎ ይተኛል» አለ። እኛም እንደለመድነው ትዕግሥት እንዲኖረው፣ ምግብ እንዲለዋውጥለት፣ ሻይ እንዲቀንስ መከርነው። ለአንድ ቀን ዝም አለ። ከዚያ እንዲህ የሚል ድምፅ መጣ። «ወንድሞቼ፣ የምትሉት ሁሉ መልካም ነው። ግመሎቹ ውኃ ፍለጋ ርቀዋል፤ ወተት የለም። ቤቴ ያለው ዱቄት፣ ስኳርና የሻይ ቅጠል ነው። ምኑን ከምኑ ልለዋውጥ?»

አፈርን። የጠገበ ሰው ምክር ሰጥተነው ነበር። ልጁ በአመጋገብ ልማድ የተበላሸ አልነበረም፤ ተርቦ ነበር። በአካባቢው ወዳሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እንዲወስደው ነገርነውና ወሰደው። የክንዱ ዙሪያ ሲለካ በከፍተኛ የምግብ እጥረት የተጎዳ መሆኑ ታወቀና ሕክምና ጀመረ። አልሐምዱሊላህ ዳነ። ሁለት ሳምንት ምክር ብቻ ስንልክ ብንቆይስ ኖሮ?

ይህ ሁኔታ የአንድ አባት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የታፍትስ ዩኒቨርሲቲና ሴቭ ዘ ችልድረን በክልላችን በሺኒሌና በሊበን አርብቶ አደሮች ዘንድ ስለ ወተትና ስለ ሕፃናት ምግብ ጥናት አውጥተው ነበር። ያነጋገሯቸው እናቶች ያስረዱት ዋና ነገር በደረቅ ወራት ወተቱ ሲነጥፍ ልጆች ወደ እህል ብቻ እንደሚወርዱ ነው። ከዚያ በኋላ በተደረገ ሥራ ደግሞ የሚታለቡት እንስሳት በጂላል ከቤት አጠገብ ሆነው መኖ ሲያገኙ የሕፃናቱ የወተት አቅርቦትና ጤና እንደሚጠበቅ ታይቷል። ስለዚህ አንድን ወላጅ ከመምከራችን በፊት «ቤት ውስጥ ምን አለ?» ብለን እንጠይቅ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመጀመሪያው ጥያቄያችን ይህ ሆኗል። መልሱ «ምንም» ከሆነም የሚያስፈልገው ምክር ሳይሆን ሰደቃ፣ የዘመድ እጅና የጤና ባለሙያ ነው።

ወላጆች ሊያውቁት የሚገባ መለኪያም አለ። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ በከፍተኛ ደረጃ ተጎድቷል። ከ11.5 እስከ 12.5 ከሆነ በመካከለኛ ደረጃ የተጎዳ ነው። እግሩ ካበጠ፣ ከፈዘዘ፣ ያለማቋረጥ ካስቀመጠው ወይም ክብደቱ ከቀነሰ «ይለምዳል» ብሎ መጠበቅ አይገባም። በሕክምና የሚሰጠው የለውዝ ቅባት ምግብም የታመመው ልጅ መድኃኒት ነው፤ ለሌሎች ልጆች አይከፋፈልም፤ አይሸጥም።

ከዛሬ ማታ ጀምሮ ምን እናድርግ?

በጤናው ደህና ሆኖ «አይበላም» ለሚባል ልጅ፣ በብዙ ቤቶች ተሞክረው የጠቀሙትን እንደሚከተለው አቅርበናል።

አንደኛ፣ የምግቡ ሰዓት ይታወቅ። ከጠዋት ቁርስ፣ ረፋድ ላይ ትንሽ መክሰስ፣ ከዝሁር ሰላት ጋር ምሳ፣ ከዐስር በኋላ መክሰስ፣ ከመግሪብ በኋላ እራት። በመካከሉ ውኃ ብቻ ይጠጣ። ጡት የሚጠባ ልጅ ጡቱን ይቀጥል። ልጅ ለመብላት መራብ አለበት፤ እንዲርበው ደግሞ በሁለቱ መካከል ጊዜ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛ፣ ሻዩን በአንድ ቀን መከልከል ለቅሶ ያበዛል። መጀመሪያ ስኳሩን፣ ቀጥሎ ቅጠሉን ቀንሱ። በመጨረሻ በስኒው ውስጥ የፈላ ወተት ብቻ ይቅር። ስኒው አይወሰድበት፤ የሚወደው ከትልልቆቹ ጋር ስኒ መያዙን ነውና። ያቺ የቶግ ውጫሌ እናት እንዲህ አድርጋ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት በለቅሶ አሳለፈች። በሦስተኛው ሳምንት ልጇ ሶር ራሱ እንደጠየቃት በድምፅ ስትነግረን ከጀርባዋ የልጁ ድምፅ ይሰማ ነበር።

ሦስተኛ፣ ለልጁ የራሱ ሳህን ይኑረው። ከትልቁ ትሪ ላይ ከወንድሞቹ ጋር ሲበላ ፈጣኑ እጅ ይቀድመዋል፤ እናትም ምን ያህል እንደበላ አታውቅም። ከማዕዱ አጠገብ ይቀመጥ፤ ቢስሚላህ ይበል፤ በገዛ እጁ ይብላ። ይበታትናል፤ ይበታትን።

አራተኛ፣ ሥራውን ተከፋፈሉ። ኤሊን ሳተር የተባለች አሜሪካዊት የአመጋገብ ባለሙያ ያስፋፋችው አንድ መመሪያ አለ። ምን፣ መቼና የት እንደሚቀርብ የሚወስነው ወላጅ ነው፤ ይብላ አይብላ፣ ምን ያህል ይብላ የሚወስነው ልጁ ነው። ከሃያና ከሠላሳ ደቂቃ በኋላ ያልበላውን ያለ ቁጣ አንሱት። እስከሚቀጥለው ሰዓት ብስኩት አይተካው።

አምስተኛ፣ ካለው ላይ ጨምሩ። ሶሩ በምስር ወይም በባቄላ ዱቄት፣ በእንቁላል፣ በሱባግ ወይም በዘይት ይበልጽግ። ከባቢሌ የሚመጣው ለውዝ በአካባቢያችን የተገኘ በረከት ነው። ሻጋታ ያለበትን ለቅሞ መጣል፣ ቆልቶ ፈጭቶ ከገንፎው ጋር መለወስ ነው። ለትንሽ ልጅ ፍሬውን እንዳለ መስጠት ግን ስለሚያንቅ አይገባም። ተምርም ፍሬው ወጥቶ ይፈጭ። ሥጋ በሚታረድበት ቀን ከጉበቱ ትንሽ በደንብ በስሎ ለልጁ ይቀመጥ። ሩዝና ባስታ ብቻውን ከሚቀርብ ድንች፣ ካሮት ወይም ዱባ ይደባለቅበት። ማር ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም።

ስድስተኛ፣ አባት አብሮ ይብላ። ልጅ የሚበላው የሚያየውን ነው። አባት ጎመን እየገፋ ልጁን «ጎመን ብላ» ቢለው አይሰማውም።

ሰባተኛ፣ በየስድስት ወሩ የሚሰጠውን ቫይታሚን ኤ፣ ከሁለት ዓመት ጀምሮ የሚሰጠውን የትላትል መድኃኒትና የደም ምርመራውን አታሳልፉ።

ውድ ወላጆች! የፔርሙዙ ነገር የክብር ጉዳይ መሆኑን እናውቃለን። እንግዳን ያለ ሻይ መሸኘት በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ማንም ፔርሙዙን አንሱ አላለም። ለእንግዳው ይቀዳ፤ ለሕፃኑ ግን ሆዱ የደሙ መሥሪያ መሆኑን አስበን ቦታ እንተውለት። ወጣቶችም ታናሽ ወንድማችሁን ስልክ እያሳያችሁ ከምታጎርሱት፣ አጠገቡ ተቀምጣችሁ አብራችሁት ብሉ።

እኛ በዱግሲያችን አሁን ልጅ ግንባሩን ሎሑ ላይ ሲደፋ አንቆጣም። ቀና እናደርገውና ምን እንደበላ እንጠይቀዋለን። ከዚያ ወላጁን እንጠራለን፤ ለመውቀስ ሳይሆን ለመመካከር።

አላህ (ሱ.ወ) ልጆቻችንን ጤናማ አካልና ብሩህ አእምሮ ሰጥቶ የዓይናችን ማረፊያ ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።